የወደቁትን ደግመው የሚያነቡት ጋሽ ለሚ

ጋሽ ለሚ ማረፋቸውን የሰማሁት ፈተና እየተቆጣጠርኩ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሁለት ጊዜ ነዘረ። ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ በር ላይ ቆሜ የፈተሽኩት እኔ ስለሆንኩ ማውጣት አልነበረብኝም፤ አወጣሁት። በትምህርት ክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ መስመር ተጽፏል። «መምህር ለሚ ዛሬ ጠዋት ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል።» ከሥሩ ሦስት ሰዎች የሚያለቅስ ፊት ለጥፈዋል።

ፈተናው ሊያልቅ አንድ ሰዓት ከሃያ ይቀራል። አብራኝ የምትቆጣጠረው መምህርት ቀርታለች፤ ጥዬ መውጣት አልችልም። ስለዚህ በወንበሮቹ መካከል እየተመላለስኩ ቆየሁ። የአዳማ ነፋስ መስኮቱን ያንገጫግጫል፤ አቧራው በተሰነጠቀው መስታወት እየገባ የልጆቹ ወረቀት ላይ ያርፋል፤ እነሱም በመዳፋቸው ጠረግ እያደረጉ ይጽፋሉ። አብዛኞቹ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ደርሰዋል። ሦስተኛው ጥያቄ የጋሽ ለሚ ነው፤ በየዓመቱ ቁጥሩን ብቻ እየቀየርኩ አወጣዋለሁ።

አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ መነሻው የት እንደሆነ አልተጻፈም እኮ።»

«አንተ ምረጥ» አልኩት። አቧራው የያዘኝ አስመስዬ ሳልኩ።

ይህንን ጥያቄ ሳላስረዳ ጋሽ ለሚን ማስረዳት አልችልም፤ አንባቢ ትንሽ ይታገሰኝ።

በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ የተበታተኑ የኤሌክትሪክ ቻርጆች አሉ እንበል፤ አንዳንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዳንዱ ኔጌቲቭ። ከእነሱ ርቆ በሚገኝ ነጥብ ላይ የሚፈጥሩትን ፖቴንሺያል ማወቅ እንፈልጋለን። ትክክለኛው መንገድ ከእያንዳንዱ ቻርጅ እስከዚያ ነጥብ ያለውን ርቀት እየለኩ አንድ በአንድ መደመር ነው። ሁለት ቻርጅ ከሆነ ቀላል ነው፤ ብዙ ከሆነ ግን ሰው ይሰለቻል። ስለዚህ በግምት እንሠራለን። ከቻርጆቹ አጠገብ አንድ መነሻ ነጥብ እንመርጥና መልሱን በደረጃ እንጽፈዋለን። የመጀመሪያው ደረጃ ድምሩ ብቻ ነው፤ ሁሉም ተጠቅልሎ መነሻው ላይ የተቀመጠ ያህል። ሞኖፖል ይባላል። ሁለተኛው፣ ዳይፖል የሚባለው፣ ቻርጁ ከመነሻው ወዴት እንዳጋደለ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ያሉት ስለ አቀማመጡ ይበልጥ ዝርዝር ነገር ይነግሩናል፤ ነገር ግን በራቅን ቁጥር ከፊተኞቹ ቀድመው ይደክማሉ። ይህ መልቲፖል ኤክስፓንሽን ነው።

ጋሽ ለሚ እኔ አሁን የጻፍኩትን ሁሉ ባጭሩ ይጨርሱት ነበር። «ከሞጆ በኩል ስትመጡ ኮረብታው ላይ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ምን ይመስላሉ? አንድ ነጭ ነገር። ትንሽ ስትቀርቡስ? ወደ አንድ ወገን የበዙ ነጭ ነገሮች። ሥራቸው ስትደርሱ ደግሞ አንገታችሁ እስኪታመም ትቆጥራላችሁ። በቃ፣ ጻፉ።»

ረጅም፣ ትከሻቸው የጎበጠ ሰው ነበሩ። ጉልበታቸው ያማቸዋል። የሚያስተምሩት የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነው፤ ለመጻፍ ከመነሳታቸው በፊት ሰሌዳውን ዳገት እንደሚያይ ሰው ያዩታል። ተነስተው መጀመሪያ የሚስሉት ትንሽ ክብ ነች፤ መነሻዋ ነጥብ። ከዚያ ወደ ተማሪው ዞረው ይጠይቃሉ።

«ይቺን ነጥብ ማን መረጣት?»

ጠመኔውን ወደ ራሳቸው ደረት ያዞራሉ።

«እኔ ነኝ። ለምን እዚህ አደረግኳት? ለእጄ ቅርብ ስለሆነች። ደክሞኛል። እናንተ ሌላ ቦታ ብታደርጓት ሌላ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ዓለም ግን ለእናንተ ብሎ አይቀየርም።»

ያልገባው ተማሪ ቢሯቸው ሲመጣ ሥራውን ወደ ላይ ወደ ታች ያዩትና «ቆይ፣ የት ቆመህ ነው ያየኸው?» ይላሉ። ለሁሉ ነገር የሚሏት ይህችን ነበር። መምህራን ተጣልተው ሲያማርሩላቸውም፣ «ቆይ፣ እሱ የት ቆሞ ነው ያየው?»

ዶክትሬት አልነበራቸውም። ዕድገት ሲመጣ ሌላው ያልፋቸዋል፤ እሳቸው ቅር አይላቸውም፣ ወይም ቅር የሚሰኙበት አቅም አልነበራቸውም። አንድ ነገር ላይ ብቻ ግትር ነበሩ። የወደቀ ተማሪ ወረቀት ሁለተኛ ሰው ሳያነበው ውጤቱ አይገባም። ደንብ አይደለም፤ የትም አልተጻፈም። ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር የወደቁትን ወረቀቶች በፌስታል ይይዙና ቅዳሜ ሶደሬ ይወርዳሉ። ጉልበታቸውን ፍል ውሃው ውስጥ ነክረው፣ ዳር ላይ ተቀምጠው፣ አንድ በአንድ ያነቧቸዋል። ሰኞ ወረቀቶቹ ሲመለሱ ጠርዛቸው በውሃ ተጨማዶ ነው። የሬጅስትራር ሠራተኞች ይስቁባቸዋል፤ «የጋሽ ለሚ ወረቀት ተጠምቆ መጣ» እያሉ።

እኔ በተቀጠርኩበት ዓመት ከእሳቸው ጋር ተመደብኩ። ኮርሱ የእሳቸው ነው፤ ፈተናው ላይ ያለው ስም የእሳቸው ነው፤ እርማቱ ግን የእኔ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነበርና እንዴት እንደ ጓጓሁ አሁን ሳስበው ይደክመኛል። ለሦስተኛው ጥያቄ የማረሚያ መልስ አዘጋጀሁ፤ በአራት ዓምድ፣ በሁለት ቀለም፣ ለእያንዳንዱ መስመር ነጥብ ተመድቦለት። ጥያቄው ቀላል ነው። ኔጌቲቭ አንድ እና ፖዘቲቭ ሦስት ቻርጅ በአንድ ሜትር ርቀት ተቀምጠዋል፤ በሩቅ ያለውን ፖቴንሺያል በሁለት ደረጃ ገምቱ። እኔ መነሻዬን ከሁለቱ መሐል አደረግኩና ሞኖፖሉ ሁለት፣ ዳይፖሉም ሁለት ሆነ። ከዚህ የተለየ መልስ ሁሉ ቀይ ኤክስ በላ።

የዚያን ሰሞን የጋሽ ለሚ ጉልበት አብጦ ተኝተው ነበር። በስልክ «እስከ ቅዳሜ ጠብቂኝ፣ የወደቁትን ልያቸው» አሉኝ። የማስረከቢያው ቀን ሰኞ ነው። እኔ ሐሙስ አስገባሁ። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ሰይፉ ኮሪደር ላይ «ቤቴል፣ ከሁሉ ቀድመሽ አስገባሽ አሉ፤ ጎበዝ!» ሲለኝ በኩራት መሬቱን መርገጤን እንጃ።

ሰኞ ጋሽ ለሚ አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ጠርዙ የተጨማደደ ወረቀት አለ።

«አከም፣ ኢንተለ ኮ። ቁጭ በይ።» ልጄ ሲሉ እንደዚያ ነው የሚሉት። «ይህችን ልጅ አስታወስሻት? ዘሃራ። ከመቂ የመጣችው።»

«ከኋላ የምትቀመጠው? ሦስተኛውን ስታለች።»

«መነሻዋን የት አደረገች?»

አየሁት። ዘሃራ መነሻዋን ከትልቁ ቻርጅ ግማሽ ሜትር አሳልፋ፣ ምንም በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ አድርጋለች። ከሥሩ «ዳይፖል = 0» ብላ ጽፋለች፤ በላዩ ላይ የእኔ ቀይ ኤክስ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

«ባዶ ቦታ ላይ እኮ ነው ያደረገችው፣ ጋሼ።»

«ክልክል ነው?» አሉኝና እስኪርቢቶ ሰጡኝ። «እዚያው ሄደሽ ቁሚና ሥሪው።»

ሠራሁት። ድምሩ ዜሮ ካልሆነ ዳይፖል በመነሻው ይለዋወጣል፤ ይህ ራሴ በቃሌ የማስተምረው ነገር ነው። ከዚያች ባዶ ቦታ ሲታይ ዜሮ ነው። ጋሽ ለሚ ግን አልተውኝም፤ መቶ ሜትር ርቀት ላይ ያለ አንድ ነጥብ ሰጥተው ሦስት ጊዜ አሠሩኝ፤ አንዴ ሳይገመት፣ አንዴ በእኔ መነሻ፣ አንዴ በዘሃራ። ቋሚ ቁጥሩን ትተን ሦስቱም ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት ዜሮ ሁለት መጣ።

«እንዲያውም ከአንቺ አንድ ደረጃ ባነሰ ሥራ ነው የደረሰችው» አሉ። «ሰነፍ ናት። ጥሩ ሰነፍ።»

«ሌሎችም አሉ፣ ጋሼ። መነሻቸውን ቻርጁ ላይ ያደረጉ...»

«አይቻቸዋለሁ። እነሱ ነጥብ ነው የጎደለባቸው፤ እናስተካክላለን። እሷ ግን በዚህች ጥያቄ ኤፍ ሆናለች፤ በኤፉ ደግሞ ተሰናብታለች። ዓርብ ዕቃዋን ይዛ ሄዳለች።»

አንድ ላይ ወደ ዶክተር ሰይፉ ሄድን። ዶክተር ሰይፉ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረቀቱን አየ፣ ገባው፣ ከዚያ ተነፈሰ።

«ጋሼ፣ ውጤቱ ጸድቋል። የሚስተካከለው ቅጹ ላይ የመምህሩ ስህተት ነው ተብሎ ከተጻፈ ብቻ ነው። ያ ከተጻፈ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ፋይልዎ ውስጥ ይገባል። እርስዎ ሰኔ ላይ ጡረታ ይወጣሉ። የኮንትራት ማራዘሚያዎ ይኸው፣ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ማስጠንቀቂያ ላለበት ሰው አያራዝሙም፤ ያውቃሉ።»

«ልጅቷስ?»

«እሷማ ተሰናብታለች።»

«እኔም እሰናበታለኋ» አሉ። «እኔ ስሰናበት ስልሳ ዓመቴ ነው። እሷ ስንት ዓመቷ ነው?»

ዶክተር ሰይፉ ቅጹን ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጣቸው።

ኮሪደር ላይ ቅጹን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሲጽፉ አየሁ። የስህተቱ ባለቤት በሚለው መስመር ላይ ስማቸውን ጻፉ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያረምኩት! የእኔ ነው።»

«ድምፅሽን ቀንሺ። የሙከራ ጊዜሽ አላለቀም።»

«ውሸት ነዋ ታዲያ!»

«ግምት ነው» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ከሬጅስትራር ሆነው ሲያዩን እኔና አንቺ አንድ ቻርጅ ነን። የሚታያቸው ድምሩ ነው። ድምሩ ደግሞ ፈተናው ራስጌ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። ሲቀርቡ ማን ማን እንደሆነ ይታያል። እስኪቀርቡ ድረስ አስተምሪ።»

ሲፈርሙ ቆሜ አየሁ። እፎይ ማለቴንም አልደብቅም።

ቅጹ የተማሪዋን ፊርማ ይፈልጋል፤ የዘሃራ ስልክ ደግሞ ዝግ ነው። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ለሚ ያበጠ ጉልበታቸውን ይዘው ሚኒባስ ተሳፈሩ፤ እኔም አብሬ። ከሹፌሩ አጠገብ እግራቸውን ቢዘረጉ ይሻል ነበር፤ ቦታው ተይዟል። ሞጆን አልፈን፣ ቆቃ ላይ ዓሣ ሻጮቹ መስኮቱን ሲያንኳኩ፣ ዓለም ጤና ላይ ረዳቱ ሰው ሲጨምርብን፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር። መቂ ስንደርስ ከመኪናው ለመውረድ ሁለት ሰው ደገፋቸው።

ዘሃራን ያገኘናት ከአባቷ ጋር ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቲማቲም እየለየች በሳጥን ስትደረድር ነው። አባቷ እጃቸውን በልብሳቸው ጠርገው «ኮታ፣ ኮታ፣ በርሲሳ!» ብለው መምህሩን ወደ ጥላው ጠርተው ሳጥን ገልብጠው አስቀመጡን። መምህር ቤታቸው መምጣቱ ደስታም ድንጋጤም ሆኖባቸዋል።

«ስልክሽ ምን ሆነ?» አሏት ጋሽ ለሚ።

«ሲሙን አወጣሁት። ጓደኞቼ መቼ ነው የምትመለሺው ይሉኛል።»

ወረቀቷን ዘረጉላት። «መነሻውን ለምን እዚህ አደረግሽ?»

ዘሃራ አባቷን አየች፣ ወረቀቱን አየች። «ዳይፖሉ እንዲጠፋ ብዬ። የሚጠፋበትን ቦታ ፈለግኩና እዚያ ቆምኩ። ሥራ ይቀንሳል ብዬ ነው።»

«ልክ ነሽ።»

«ኤክስ ነው እኮ።»

«ልክ ነሽ አልኩሽ!»

«ቲቸር፣ ቀይ ሳይ ጊዜ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ደግሜ እንኳን አልሠራሁትም።» ቲማቲሙን እንደያዘች ነበር። «መምህር አይሳሳትም ብዬ።»

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ለሚ ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። አርጅቻለሁ። ፈርሚ።»

ኮሚቴው ሁለት ወር ፈጀበት። ጋሽ ለሚ በየሳምንቱ ሦስተኛ ፎቅ ይወጡ ነበር፤ ደረጃው መሐል በየፎቁ የተለጠፈ የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ የሚያነቡ መስለው ያርፋሉ። «ይሄ ሰውዬ መታወቂያው እስካሁን አልተገኘለትም?» ይሉኛል፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። በመጨረሻ ዘሃራ ተመለሰች። ሰኔ ላይ ጋሽ ለሚ ወጡ፤ ማራዘሚያው አልጸደቀም። ቢሯቸውን ሲያስረክቡ የወሰዱት አንድ ካርቶን ነው። ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ።

አምስት ዓመት አለፈ። የሙከራ ጊዜዬ አልቋል፣ ዕድገት አግኝቻለሁ፣ ማንም ቀርቦ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ሶደሬ ሄጄ አንዴ አገኘኋቸው። ውሃው ዳር ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ላይ ወረቀት የለም። ማስተማሩን እንደነጠቅኳቸው ነገርኳቸው። «ሙቀቱ ጥሩ ነው» ብቻ አሉኝ።

ፈተናው ካለቀ በኋላ ዶክተር ሰይፉ ደወለልኝ። ቀብሩ ሴት ልጃቸው ከሩቅ እስክትደርስ ሁለት ቀን ይቆያል። «የሕይወት ታሪካቸውን ጻፊልን፤ አንቺ አጻጻፍ ትችያለሽ። ፋይላቸውን ከሰው ኃይል ውሰጂ።»

ፋይሉ ቀጭን ነው። የቅጥር ደብዳቤ፣ የዓመት ፈቃድ ወረቀቶች፣ የጡረታ ደብዳቤ። መሐል ላይ አንድ ገጽ አለ፤ «በፈተና እርማት ላይ በፈጸሙት ስህተት...» ከዚህ ወረቀት ተነስቶ እሳቸውን የሚገምት ሰው የሚያገኘው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቶ አንዴ ያጠፋ ሽማግሌ ነው። ድምሩ ይኸው ነው።

ጻፍኩትና ለዶክተር ሰይፉ አሳየሁት። እስከ መጨረሻው አነበበና ጣቱን አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ አሳረፈ።

«ይቺ ትውጣ። ማስጠንቀቂያ ቀብር ላይ አይነበብም። ደግሞም በራስሽ ላይ ነው የጻፍሽው። ምን ያደርግልሻል አሁን?»

«እሳቸው ሲቀርቡ ይታያል ብለው ነበር።»

«ማን ሲቀርብ?»

ይህንን ለማስረዳት አቅም አጣሁ። እኔ፣ ማስረዳት የምወደው።

የቸርቹ ግቢ በሰው ሞልቶ ነበር። መዘምራኑ ዘምረው ሲጨርሱ ተነስቼ አነበብኩ። ነፋሱ ወረቀቱን እያጠፈብኝ በሁለት እጄ ይዤዋለሁ። የትውልድ ቦታ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ልጆች። ከዚያ እንዲህ አልኩ፤ «መምህር ለሚ በሥራ ዘመናቸው አንድ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስህተቱን ያገኙት፣ ያረሙትና በስማቸው የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ኮንትራታቸው ያልተራዘመው በእኔ ምክንያት ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ።» ከፊት የተቀመጡት መምህራን ጫማ ጫማቸውን አዩ። የጋሽ ለሚ ልጅ ግን ቀና ብላ አየችኝ፤ ምን ማለቷ እንደሆነ አላወቅኩም፣ አሁንም አላውቅም።

ከቀብር መልስ ኒም ዛፍ ሥር ያለ አግዳሚ ላይ ለብቻዬ ተቀመጥኩ። የሚቀርበኝ አልነበረም። ነጠላ የለበሰው ሁሉ እየተበተነ ሳለ ሻርፕ ያደረገች ሴት መጥታ ከአጠገቤ ቆመች። ዘሃራ ናት። መቂ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ጣቶቿ ላይ ጠመኔ አለ።

ይቅርታ ልላት አስቤ ቃሉ ቀለለብኝና ተውኩት።

«እኔ ያኔም ጠርጥሬ ነበር» አለች። «እሳቸው አርጅቻለሁ ሲሉ አንቺ ቲማቲሙን ቲማቲሙን ነበር የምታዪው።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«መናገርማ የአንቺ ነበር።» ነጠላዬን ሰብስባ ቁጭ አለች። «ዘንድሮ የወደቁት ስንት ናቸው?»

«ሦስት።»

«ሁለተኛ ሰው አንብቦላቸዋል?»

«አይ» ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። በእነዚህ አምስት ዓመታት ሁለት ጊዜ የማነበው እኔው ራሴ ነበርኩ፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ቢያነብ ያው አንድ ቦታ ቆሞ ነው።

«ይዘሻቸዋል?»

ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ፤ በፌስታል። ሰጠኋት። የመጀመሪያውን አወጣች፣ ነፋሱ እንዳይነጥቃት ጉልበቷ ላይ ተጭና ያዘችው፣ ከላይ ጀምራ በጣቷ እየተከተለች ወረደች። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ቆይ» አለች። «ይሄ ልጅ የት ቆሞ ነው ያየው?»

ጠጋ አልኩና አብሬያት ማየት ጀመርኩ።